ለድሮ ማውንቴን ሳይክል አዲስ ፍሬን፤ ዲስክ ሳትመኙ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሳይክል የበዛባትም ለዚሁ ነው። ሜዳነቷ ግን አንድ መጥፎ ልማድ አስለምዶናል፤ ፍሬናችን መሞቱን ሳናውቅ ብዙ ጊዜ እንነዳለን። ፔዳል መምታት ስናቆም ሳይክሉ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ካልቆመ ጫማችንን አስፋልት ላይ እንጎትታለን። ጉዱ የሚወጣው ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ወደ ዳር ሲታጠፍ ነው። ወይም ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስንለቀው። ወይም ሐምሌ ላይ መንገዱ ውሃ ሲይዝ።

ይህ መመሪያ ባለ 26 ኢንች የድሮ ማውንቴን ሳይክል ላላቸው ነው። ከውጭ አገልግሎ የገባም ይሁን ከታላቅ ወንድም የተወረሰ፣ አሠራሩ አንድ ነው። ምክሬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ዲስክ ፍሬን (ጎማው መሃል ላይ የታሰረ ክብ ብረት የሚይዘውን) ለመግጠም አትድከሙ። ቪ-ብሬክ፣ ለእሱ የሚሆን እጀታ፣ አዲስ ሽቦ ከነሽፋኑ፣ ደህና የፍሬን ላስቲክ፤ በቃ። ቸርኬያችሁ አሉሚኒየም ከሆነ ከዚህ በላይ የምትፈልጉት የለም። ሥራው ለጀማሪ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ያላችሁን ፍሬን እወቁት

ሳይክሉን ገልብጣችሁ በመሪውና በመቀመጫው አቁሙት። ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጭ በሉና ፍሬኑን ተመልከቱ።

ሁለት አጫጭር ክንዶች ከቸርኬው ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ወጣ ብለው፣ ከላይ የሚወርደው ሽቦ ደግሞ መሃል ላይ ሌላ አጭር ሽቦ ይዞ ወደ ላይ የሚስብ ከሆነ፣ ካንቲሌቨር ይባላል። የድሮ ማውንቴን ላይ በብዛት የሚገኘው ይሄ ነው። ክንዶቹ ረጃጅም ሆነው ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ሽቦውም በታጠፈች የብረት ቱቦ በኩል ከጎን መጥቶ ሁለቱን ክንዶች የሚያቀራርብ ከሆነ ግን ቪ-ብሬክ አላችሁ። ሺማኖ ቪ-ብሬክን ያወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ሳይክል ካንቲሌቨር ቢይዝ አይገርምም። ቪ-ብሬክ ያለው ሰው ክንዶቹ ካልተወላገዱ ላስቲክና ሽቦ መቀየር ይበቃዋል። የሚጠቅመውን ክፍል ብቻ ያንብብ።

ሁለቱም ዓይነቶች የሚታሰሩት ፎርኩ ላይ በተበየዱ ሁለት አጫጭር የብረት ጉጦች ላይ ነው። ከኋላም እንዲሁ ፍሬሙ ላይ ሁለት አሉ። ካንቲሌቨር በነበረበት ጉጥ ላይ ቪ-ብሬክ ያለ ምንም ብየዳ ይገባል። ነገሩን ቀላልና ርካሽ ያደረገውም ይሄ ነው።

የማይሆንባቸው ሳይክሎችም አሉ። ፍሬኑ መሃል ላይ ፎርኩን በሚበሳ አንድ ብሎን ብቻ የታሰረ ከሆነ ጉጥ የለውም፤ ቪ-ብሬክ አይገባም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት አንዳንዶቹ ደግሞ የኋላ ፍሬናቸው ከፔዳሉ አጠገብ ከታች በኩል ተደብቆ ይገኛል። ጉጡ ቢኖርም ቦታው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሳይክል ላይ የፊቱን ብቻ ቀይራችሁ የኋላውን በአዲስ ላስቲክና ሽቦ ብታድሱት ይሻላል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ጉጥ አስቀጥሉ የሚላችሁን አትስሙ። ጉጡ ትንሽ ከተዛነፈ ላስቲኩ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ይበላል፤ የፍሬም ቀጭን ቱቦም በብየዳ እሳት ይዳከማል።

ከፍሬኑ በፊት ቸርኬውን ፈትሹ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ገንዘቡን ውሃ በላው። ፍሬን ማለት ላስቲክና ቸርኬ ሲፋተጉ ነው። አንዱ መጥፎ ከሆነ ሌላው ብቻውን ምንም አይሠራም።

ማግኔት ፈልጉ፤ ከተበላሸ የራዲዮ ስፒከር ውስጥ ይገኛል። ቸርኬው ላይ አስጠጉት። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ ደግ። ከያዘ ብረት ነው። የሚያብረቀርቅ ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ በደረቅ መንገድ እንደ ነገሩ ያቆማል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ላስቲኩ ዝም ብሎ ይንሸራተትበታል። ክረምት ረዥም በሆነበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቸርኬው ብረት ከሆነና ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ የፊቱን ጎማ አሉሚኒየም ቸርኬ ባለው ቀይሩት። ቪ-ብሬኩ ይደርሳል። ጎማ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። የፊት አክስል ፎርኩ ላይ የሚያርፍበት ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላው 135 ነው፤ አሮጌዎቹ ላይ 130 ይሆናል።

አሉሚኒየም ቸርኬም ያልቃል። ላስቲኩ የሚነካውን ጎን በጣታችሁ ዳስሱት። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ማስመሪያ ወይም ቀጥ ያለ ነገር አስጠጉበት፤ ብርሃን በመሃል በደንብ ከታየ ቸርኬው ሳስቷል። የሳሳ ቸርኬ በጎማው አየር ግፊት አንድ ቀን ተሰንጥቆ ይከፈታል። አንዳንድ ቸርኬ ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ቦይ ወይም ነጥብ አለው፤ እሱ ከጠፋ መቀየሪያው ደርሷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ጎማውን አሽከርክሩትና ከጎን እዩት። ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ራጂውን የሚያስተካክል ባለሙያ ጋር ውሰዱት። ቪ-ብሬክ ላስቲኩ ከቸርኬው በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው የሚቆመው። የተወላገደ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ያፋትጋል፤ እናንተም ሽቦውን ታላሉና ፍሬኑ ተመልሶ ይሞታል።

የሚገዛው ምንድን ነው?

ለፊትና ለኋላ ሁለት ሙሉ ቪ-ብሬክ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ክንድ፣ ሁለት ላስቲክ፣ አንዲት የታጠፈች ቱቦ እና የተሸበሸበች ትንሽ የጎማ መሸፈኛ መኖራቸውን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ቁጠሩ። መሸፈኛዋን ብዙ ሰው ይጥላታል። ጭቃ ወደ ቱቦዋ እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ናት፤ አትጣሏት።

የዕቃውን ጥራት በማሸጊያው ላይ ባለው ስም አትለኩ። ክንዱን አንድ እጃችሁ ላይ ያዙና የሚሽከረከርበትን ቦታ በሌላው ነቅንቁት። ከሱቅ ሳይወጣ የሚወዛወዝ ክንድ መንገድ ላይ ይጮኻል። ሞላው ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠውን ሳይሆን ብረት የበዛበትን ምረጡ። ላስቲኩም በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ መስጠት አለበት። ጠንክሮ እንደ ፕላስቲክ የሚንሸራተት ከሆነ ክንዱን ግዙና ላስቲኩን ለብቻ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ካንቲሌቨርን የሚስብ እጀታ ቪ-ብሬክን አይስብም። ቪ-ብሬክ ክንዱ ረዥም ስለሆነ ብዙ ሽቦ መሳብ ይፈልጋል። የድሮው እጀታ ደግሞ ጥቂት ነው የሚስበው። ሁለቱን ካጋባችኋቸው እጀታው መሪውን እስኪነካ ስባችሁም ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ ለማስያዝ ላስቲኩን ቸርኬው ላይ ስታስጠጉት ደግሞ ሲነኩት ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። አለካኩ ቀላል ነው። ከእጀታው መዞሪያ ብሎን እስከ የሽቦው ራስ የሚቀመጥበት ጉድጓድ በማስመሪያ ለኩ። ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የቪ-ብሬክ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ፈንጠር ያለ ከሆነ የካንቲሌቨር ነው፤ ይቀየር። አንዳንድ እጀታ የሽቦውን ራስ ወደ ሁለት ቦታ ማዛወር ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

ችግሩ ብዙ የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳይክሎች ላይ የፍሬን እጀታውና የማርሽ መቀየሪያው አንድ ላይ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ፍሬኑን ስትፈቱ ማርሹም አብሮ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ። አንድ ላይ ከሆነ ለብቻ የሚታሰር የማርሽ መቀየሪያም ወጪ ውስጥ ይግባ፤ ከኋላ የተደራረቡትን ባለ ጥርስ ክቦች ቆጥራችሁ ለዚያው ቁጥር የሚሆን ውሰዱ።

ከዚያ ሁለት የፍሬን ሽቦ፣ ጫፉ በርሜል የሚመስል። የሩጫ ሳይክል ሽቦ ራሱ ሌላ ቅርጽ ስለሆነ አይገባም። ሽፋኑ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፍሬን ሽፋን መሆን አለበት። የማርሽ ሽፋን ቀጠን ይላል፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ርዝመቱን ተከትለው የሄዱ ናቸው፤ የፍሬኑ ግን ተጠምዝዞ የተሠራ ነው። የማርሹን ለፍሬን የተጠቀመ ሰው አጥብቆ ሲይዝ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ሽቦው ሊላላበት ይችላል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ያው አይደለም። የሽፋኑን ጫፎች የሚይዙ ቆቦችና የሽቦ ጫፍ መደፈኛም አትርሱ።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሹል የሽቦ መቁረጫ፣ ሊማ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ግሪስ፣ መርፌ፣ ንጹሕ ጨርቅ። የሽቦ መቁረጫ የሌለው ሰው ጎሚስታ ጋር ወይም ሳይክል ሠሪ ጋር ሄዶ ያስቆርጥ። በፒንሳ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ይበታተንና ቱቦ ውስጥ አልገባም ብሎ ሲያናድዳችሁ ይውላል።

መፍታት

ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አትፍቱ። የፊቱን ጨርሳችሁ ወደ ኋላው ሂዱ። አንዱ ሳይፈታ ከቆየ ግራ ስትጋቡ የምታዩት ነገር ይኖራችኋል።

የድሮውን ሽቦ ቆርጣችሁ አውጡ። በፊት ፍሬን ላይ ሽፋኑን የሚይዝ ብረት መሪው ሥር ይኖራል፤ ቪ-ብሬክ አይፈልገውም። በቀላሉ ከወጣ አውጡት፤ ሌላ ነገር ይዞ ከሆነ ተዉት። ከዚያ ክንዶቹን በአለን ቁልፍ ፍቱ። ብሎኑ በዝገት ከያዘ አትታገሉት። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉበትና እስከ ነገ ተዉት። በጉልበት የተጠመዘዘ ብሎን ጉጡን ይዞ ይሰበራል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ አበቃ።

ጉጡ ባዶ ሲሆን ዝገቱና የድሮው ግሪስ ተጋግሮ ይታያል። ሐይቅ ዳር የሚያድር ሳይክል ላይ ዝገት አይጠፋም። በብርጭቆ ወረቀት በእርጋታ አሹት፤ ብረቱን ለመጋዝ ሳይሆን ዝገቱን ለማንሳት ብቻ። ጥረጉና ስስ ግሪስ ቀቡት። አዲሱን ክንድ አስገቡና በእጅ አዙሩት። ያለ ምንም መንገራገጭ መዞር አለበት። ካልዞረ ጉጡ ጫፉ ላይ ተጨፍልቋል ማለት ነው፤ ያበጠውን ቦታ ብቻ በሊማ ቀስ ብላችሁ አንሱለት።

እጀታውና ሽቦው

የመሪውን የእጅ ላስቲክ ለማውጣት አትቁረጡት። ካቻቢቴ በሥሩ አሾልኩና የሳሙና ውሃ አፍስሱበት፤ ወዲያና ወዲህ ስታዞሩት ይወጣል። ስትመልሱት ግን ሳሙናውን በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። የሚሽከረከር የእጅ ላስቲክ ከሞተ ፍሬን አይተናነስም።

አዲሱን እጀታ ስታስሩ ሳይክሉን በእግሩ አቁማችሁ ተቀመጡበት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን እጀታው ላይ ስታሳርፉ አንጓችሁ መታጠፍ የለበትም። ብዙ ሰው እጀታውን አግድም አድርጎ ያስረዋል። ከዚያ እጁን ያመዋል፣ በችኮላም ጊዜ ጣቱ አይደርስም። ወደ ታች ዘንበል ይበል።

የትኛው እጅ የፊቱን ይያዝ? ከለመዳችሁት አትውጡ። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የሚሠራው ልማድ ነው። ሳይክሉን የሚዋሱ የቤት ልጆች ካሉ ግን ንገሯቸው።

ሽፋኑን ከእጀታው ጀምራችሁ እስከ ታጠፈችው ቱቦ ለኩት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት፤ ሽፋኑ መወጠር የለበትም፣ ዞሮ ዞሮም መንጠልጠል የለበትም። የቆረጣችሁትን ጫፍ አጠገብ አድርጋችሁ እዩት። የጠመዝማዛው ብረት ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀዳዳውን ከጋረደው ሽቦው እዚያ ላይ ይፋተጋል። በሊማ ቀጥ አድርጉት፤ የውስጡን ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ በመርፌ ክፈቱት። ይህችን ሁለት ደቂቃ የቆጠበ ሰው ጥሩ ዕቃ ገዝቶ ድርቅ ያለ ፍሬን ይነዳል። ከዚያ ቆብ አልብሱት።

እጀታው ላይ ሽቦው የሚያልፍበት ማስተካከያ ብሎን አለ፣ ከነማጥበቂያ ቀለበቱ። ሁለቱም ላይ ያለውን ስንጥቅ ከእጀታው ስንጥቅ ጋር ትይዩ አድርጉ፣ የሽቦውን ራስ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሽቦውን በስንጥቁ አሳልፉት። ከዚያ ስንጥቆቹ እንዳይገጥሙ አዙሯቸው። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አጥብቃችሁ ሁለት ዙር ብቻ መልሱት፤ ኋላ ላይ ለማስተካከል ቦታ ይሰጣችኋል።

ክንዶቹን መግጠም

እያንዳንዱ ክንድ ከኋላው የሞላው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ጉጡ ሥር ደግሞ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጫፉን መሃለኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ መሃለኛው ሌላው ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ከሆነ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ብሎኑ ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው፣ በተራ አለን ቁልፍ በአንድ እጅ ጠንከር አድርጎ ማሰር ይበቃል። ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ መጠምዘዝ ጉጡን መግደል ነው።

ላስቲኩ፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው

ላስቲኩ ብሎን አለው፤ ብሎኑ ላይ ጎበጥና ጎድጎድ ያሉ ሮንዴላዎች በጥንድ ተሰክተዋል። አንዱ ጥንድ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። እንዴት እንደተደረደሩ ሳታዩ አትበትኗቸው፤ በስልክ ፎቶ አንሱ። ወፍራሙን ከክንዱ ውስጥ ወይም ውጭ በማድረግ ላስቲኩን ወደ ቸርኬው ታቀርቡታላችሁ ወይም ታርቁታላችሁ። ላስቲኩ ቸርኬውን ሲነካ ክንዶቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ጥሩ ነው።

ላስቲኩን እጅ በሚያንቀሳቅሰው መጠን አላሉትና በቸርኬው ጎን ላይ አስተካክላችሁ ያዙት። የላይኛው ጠርዝ ከቸርኬው ጠርዝ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ጎማውን ፈጽሞ አይንካ። ጎማ የነካ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ጎኑን ቀዶ ካላማዳሪውን ያፈነዳል። ወደ ታች ወርዶ ግማሹ አየር ላይ ከቀረም መጥፎ ነው፤ ሲያልቅ መንጠቆ ሠርቶ ከቸርኬው ሥር ይገባል።

ከዚያ ከኋላው ጫፍ ሥር አንድ የካርቶን ቁራጭ አስገቡ። ፊተኛው ጫፍ ቸርኬውን ቀድሞ እንዲነካ፣ ኋለኛው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲርቅ ነው። ፍሬን ሲይዙ እንደ ፍየል የሚጮኸው ይህ ስላልተደረገ ነው። ፊተኛ የምለው ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው፤ ሳይክሉ እንደተገለበጠ ስትሠሩ እንዳትሳሳቱ። እጀታውን ጓደኛ ይያዝላችሁ፣ ወይም በላስቲክ ከመሪው ጋር እሰሩት፣ ከዚያ ዳዶውን ወይም የአለን ብሎኑን አጥብቁ። ስታጠብቁ ላስቲኩ አብሮ መዞር ይወዳል፤ በሌላ እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

አንድ የማትቀልዱበት ነገር አለ። ላስቲኩ ከብረት ቤቱ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ የቤቱ ክፍት ጫፍ ወደ ኋላ ይዙር። ወደ ፊት ከሆነ ፍሬን ስትይዙ ላስቲኩ ተንሸራቶ ይወጣና ብረት ለብረት ትቀራላችሁ። ቀስት ወይም ግራና ቀኝ የሚል ምልክት ካለበት እሱን ተከተሉ።

ሽቦውን ማሰርና ማመጣጠን

የታጠፈችውን ቱቦ በሽፋኑ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ ሽቦውን አሳልፉ፣ የጎማ መሸፈኛዋን አልብሱት፣ ቱቦዋን ክንዱ ላይ ባለው ማቀፊያ ውስጥ አስቀምጡ። ሽቦውን በሌላው ክንድ ማሰሪያ ብሎን ሥር አሳልፉት። አሁን ሁለቱን ላስቲኮች በእጅ ወደ ቸርኬው ግፉና ሽቦውን ሳቡ፤ ከዚያ ትንሽ ለቀቅ አድርጉ። በያንዳንዱ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢቀር ጥሩ ነው። ብሎኑን እሰሩ።

እጀታውን ደግማችሁ ደጋግማችሁ በኃይል ጨምቁት። ሽቦው ይወጠራል፣ ሽፋኑ ቆቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። እንደገና አላልታችሁ ሳቡት። ከዚህ በኋላ ሽቦው ከብሎኑ ሥር ፈጽሞ መንሸራተት የለበትም። ሙሉ ኃይላችሁን ተጠቀሙ፤ የሚላቀቅ ከሆነ ግቢ ውስጥ ይላቀቅ። ትርፉን 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና መደፈኛውን በፒንሳ ጨፍልቁበት።

አንደኛው ላስቲክ ቸርኬውን እየነካ ሌላው ከራቀ፣ ክንዱ ግርጌ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈልጉ። እሷን ስታጠብቁ የዚያ ጎን ሞላ ይጠነክርና ላስቲኩ ከቸርኬው ይርቃል። ግማሽ ዙር አዙሩ፣ እጀታውን ጨምቁ፣ እዩ። የአንዱን ከማጥበቅ የሌላውን ማላላት የሚሻልበት ጊዜም አለ፤ ሁለቱንም ጥግ ድረስ ያጠበቀ ሰው እጀታው ይከብደዋል።

የኋላው አሠራሩ ያው ነው። ሽቦው ረዥም ስለሆነ ግን ከፊቱ ይልቅ ለስለስ ያለ ስሜት ይኖረዋል፤ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ካንቲሌቨሩ ከመቀመጫው ሥር ተዘዋውሮ ይወርድ ነበር። የቪ-ብሬኩ ሽፋን ግን ከላይኛው ቱቦ የመጨረሻ መያዣ ተነሥቶ ሰፋ ባለ ዙር ወደ ታጠፈችው ቱቦ ይሂድ። ዙሩን አታጥብቡት።

መሞከር

ቸርኬውን በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ። ካገኛችሁ በአልኮል ጥረጉት። ነጭ ጋዝም ሆነ ካቴና የሚቀባ ዘይት ቸርኬ ላይ አይድረስ፤ ላስቲኩ አንዴ ዘይት ከጠጣ መቀየር ነው።

መጀመሪያ ሳይወጡበት፣ አጠገቡ ቆሞ ፊቱን ይዞ ወደ ፊት መግፋት። የኋላው ጎማ መነሣት አለበት። ከዚያ የኋላውን ይዞ መግፋት፤ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። ሁለቱም ካለፉ ጠዋት ባጃጅ ሳይበዛ የሐይቁን ዳር መንገድ ያዙና ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ እየያዙ መልቀቅ፣ እየያዙ መልቀቅ። አዲስ ላስቲክ መጀመሪያ ደካማ ይመስላል፣ ሲፋተግ ይነቃል። ቤዛዊትን ለመውረድ አትቸኩሉ።

ልጅ ሆነን «በፊት ፍሬን ከያዝክ ትገለበጣለህ» ያልተባለ የለም። እውነትነት አለው፣ ግን ግማሹን ነው። ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ አይቆምም። ፊቱን ቀስ በቀስ እያጠበቁ፣ ቂጥን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ፣ ክንድን ወጠር አድርጎ መያዝ ነው። ከድሮው ካንቲሌቨር በኋላ ቪ-ብሬክ በሁለት ጣት ብቻ ስለሚይዝ ሙሉ እጃችሁን የመጨበጥ ልማድ ይቅር። ከኋላ ሰው ጭናችሁ ስትሄዱ ደግሞ የኋላው ጎማ ክብደት ስለሚያገኝ የኋላ ፍሬኑ ጥሩ ይሠራል፤ ሁለቱንም ያዙ፤ ርቀቱንም ቀደም ብላችሁ አስሉት።

ዝናብ ላይ ማንኛውም የቸርኬ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት። ስለዚህ ከመቆማችሁ ቀደም ብላችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፤ ቸርኬው አንድ ሁለት ዙር ሲጠረግ ይነክሳል።

ስለ ዲስክ የሚጠይቁኝ

ፍሬማችሁ ላይ ዲስክ የሚታሰርበት ጆሮ ከሌለ አይሆንም። ጨርሶ። በመያዣ የሚታሰር ማስማሚያ የሚሸጥላችሁ ይኖራል፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ዲስክ ፎርኩን በአንድ ጎን፣ ከአክስሉ አጠገብ ነው የሚስበው። ለቸርኬ ፍሬን የተሠራ ፎርክ ያንን ጉልበት እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። በዚያ ላይ ዲስክ የሚቀበል የጎማ እምብርት፣ ዲስኩ ራሱ፣ ያዡ፤ ሲደመር የሳይክሉን ዋጋ ሊያልፍ ነው። ጆሮው ያለው ሰው ግን የሽቦ ዲስክ ቢገጥም አልቃወምም። ወደ ጢስ ዓባይ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በክረምት የሚመላለስ ሰው ጭቃ ቸርኬውን ሲሞላበት የዲስክን ጥቅም ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሽቦው ትንሽ ይለቃል። እጀታው ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ግማሽ ዙር ወደ ውጭ አዙሩትና ማጥበቂያ ቀለበቱን መልሳችሁ እሰሩ። የክንዶቹንና የላስቲኮቹን ብሎኖችም አንዴ ፈትሹ።

ክረምት ላይ ላስቲኩን አውጡና ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት። ጥቁሩ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ካሉ ከቸርኬው የተፋቁ የአሉሚኒየም ስባሪዎች ናቸው፤ አብረዋቸው የተሰነቀሩ የአሸዋ ቅንጣቶችም አሉ። በመርፌ አንድ በአንድ አውጧቸው፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት አሹት። ከተዋቸው እንደ ሊማ ሆነው ቸርኬውን ይጨርሱታል። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ሲጠፉ ላስቲኩ ይቀየር።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ሽቦውን ከሽፋኑ አውጥታችሁ እዩት። ቡናማ ዝገት ከያዘ፣ ወይም ከክሮቹ አንዲቷ እንኳ ከተበጠሰች፣ በቅባት ለማዳን አትሞክሩ። ከነሽፋኑ አዲስ ግጠሙ።